የዝምተኛው ማሽን ትኩሳት

እና ማሰሪያውን ካጠበቅሁት ፋኑ ይንቀጠቀጣል፣ ካላላሁት ሙቀት የሚያስወጣውን የአሉሚኒየም ክንፍ እየነካ ቅርርር ይላል፣ ስለዚህ መሃል ላይ፣ ትንሽ ላላ ትንሽ ጠበቅ፣ እንዲህ፣ ቆይ እስቲ ስልኬ ላይ የሙቀቱን ቁጥር ልየው፣ ሰባ ስምንት ዲግሪ፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ኧረ ተው፣ ቀስ በል፣ ዛሬን ብቻ አታዋርደኝ፣ ከነገ ወዲያ ከፈለግክ ንደድ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኬ፣ ካቻቪቴ በጥርሴ ነክሼ፣ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ እለማመጣለሁ፣ ያስተማረኝ ሰው ቢያየኝ ምን ይል ይሆን። እማዬ ሶፋው ላይ ናት። ዐይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፣ አንድ የማናውቀው ሙሽራ ከመኪና ይወርዳል፣ ጫማው አዲስ መሰለኝ ያነክሳል፣ ከካሜራው ኋላ አባዬ ይናገራል፣ ቀስ፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ወደ እኔ አትይ፣ እሰይ የኔ ጌታ። እማዬ ፈገግ ትላለች።

ይኸ ሁሉ መከራ ለዚህች ድምፅ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሠርግ ሲቀርጽ ኖሮ አንዱም ካሴት ላይ ፊቱ የለም፣ ካሜራማን ማን ያነሳዋል፣ ድምፁ ብቻ አለ፣ ከኋላ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሰው እንዳይረብሽ እየሰጋ። እማዬ ያንን ድምፅ እስከሰማች ድረስ አባዬ ሥራ ላይ ነው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ማታ ይመጣል፣ አይፈለግም፣ ስለዚህ ትቀመጣለች፣ ያጎረስኳትን ትበላለች፣ ክኒኗን ትውጣለች። ድምፁ ሲጠፋ ትነሳለች። አባትሽ የት ሄደ ትለኛለች፣ ያኔ ጉድ ፈላ።

በፊት በፊት እውነቱን ነበር የምነግራት። እማዬ፣ አባዬ እኮ አርፏል፣ ረሳሽው እንዴ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሪሞት ወይ ድስት ይዤ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እሷ ግን በሰማች ቁጥር የመጀመሪያዋ ነው፣ ግድግዳ ትይዛለች፣ መቼ፣ ማን ነበር አጠገቡ፣ እኔ የት ሄጄ ነው፣ ሳትነግሩኝ ቀበራችሁት፣ አልቅሳ አልቅሳ ይደክማትና ትተኛለች፣ ስትነሳ አባትሽ የት ሄደ። ለአንድ ሰው አንድ ሞት ይበቃው ነበር። ከዚያ መዋሸት ጀመርኩ፣ ወጣ ብሏል፣ ይመጣል፣ እሷም በር ላይ ወንበር አውጥታ መጠበቅ፣ ፀሐይ ዞሮ እስኪመታት፣ አልገባም፣ ቁልፍ አልያዘም ትላለች፣ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ካሴቶቹን ያገኘሁት ያኔ ነው፣ አልጋ ስር፣ ሣጥን ሙሉ የባዕድ ሰው ደስታ።

ካሴቱ ግን አሮጌ ነው፣ በዚህ በትልቁ ቴሌቪዥን ሲታይ ጭቃ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ያየች ጊዜ ዐይኔ ጠፋ ብላ ጮኸች፣ ዐይኔን ምን ነካው፣ ፊት የለውም ሰውየው ፊት የለውም። ስለዚህ ይህን ኮምፒውተር ገጣጠምኩ፣ ካርዱ እያንዳንዱን ምስል እየተቀበለ ያጸዳል፣ ፊት የሌለውን ፊት ይሰጠዋል፣ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ይለፋል፣ የለፋ ደግሞ ይሞቃል፣ የሞቀ ፋን ይፈልጋል፣ ፋን ያጉረመርማል። የካርዱ የራሱ ፋን ትንሽና ፈጣን ነበረች፣ ድምጿ፣ እንዴት ብዬ ልንገር፣ መኝታ ቤት አባዬ ራስጌ ቆሞ የነበረው የኦክሲጅን ማሽን ቁርጥ እሱን። እማዬ በሰማች ቅጽበት ተነሳች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ ፍራሹን ገልብጣ ቱቦ ፈለገች፣ ቱቦው ተነቅሏል፣ ታማሚውን ማን አነሳው፣ ተረኛዋ ማናት! ሲስተር ነበረች እማዬ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ሐኪም ሳይቀር የሚፈራት ሲስተር፣ ልጇን ረስታ ሥራዋን ግን አልረሳችም። አባትሽ የምትለኝ ድምፁ ሲጠፋባት ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ተማሪዋ ትለኛለች። ተማሪዋ፣ እጅሽን ታጠቢ።

ያችን ፋን ነቅዬ ይህችን ሰፊዋን አሰርኩበት፣ ሰፊ ፋን በዝግታ ዞሮ ብዙ አየር ይገፋል፣ አትሰማም ማለት ይቻላል፣ ኮምፒውተሩንም ከቡፌው ሆድ አውጥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ክዳኑን አነሳሁለት፣ ይተንፍስ ብዬ። ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው፣ ሙቀቱ ከካርዱ ይወጣና ግድግዳው ጋ ይቆማል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ወቅቱም ሙቀት ነው፣ መስኮት ልክፈት እላለሁ፣ መስኮት ሲከፈት የመንገዱ ጩኸት ይገባና የአባዬ ድምፅ ይዋጣል። ሰማንያ። ውይ።

ሌላ ቀን ቢሆን ግድ የለኝም። ዛሬ ግን ወንድም ጋሼ ይመጣል፣ ታላቄ፣ መኪና መንዳት አስተማሪው፣ ዕድሜውን ከጎን ተቀምጦ የሰው ፍሬን ሲረግጥ የኖረ ሰው። ያለፈው ሳምንት እማዬ በነጠላ ጫማ አስፋልት መሃል ገብታ ስትቆም፣ አውቶቡሱ ጭስ እስኪወጣው ፍሬን ሲይዝ፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ፣ ፀጉሬን እየታጠብኩ፣ የሰው ልጅ ፀጉሩን አይታጠብም እንዴ። ጎረቤት ደወለለት። ወንድም ጋሼ አልጮኸብኝም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ብሎኔ አለኝ፣ ልጅ ሳለሁ ያገኘሁትን ሁሉ ስለምፈታ ብሎን ነው ስሜ፣ ብሎኔ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ባዶ አልጋ አለ ብሎኛል፣ ቅዳሜ መጥቼ አብሬያችሁ እውላለሁ፣ ተረጋግታ ካየኋት እተወዋለሁ፣ ካልሆነ ግን በመጣሁበት መኪና ይዣት እሄዳለሁ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ፣ አውቶቡሱ እኮ እውነት ነው።

ተንኳኳ። መጣ። ካቻቪቴውን ሶፋ ስር፣ አቧራውን ከጉልበቴ ላይ አራግፌ፣ ደህና ዋልክ ወንድም ጋሼ ግባ፣ ይገባል፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ወፍሯል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ እንዴ ምነው ቤቱ ሞቀ ይላል፣ ወቅቱ ነው እላለሁ። እማዬ ዞር ትላለች። ታየዋለች። ከዚያ ምን ትላለች፣ የበኩር ልጄ፣ ትላለች፣ መጣህ የበኩር ልጄ፣ በላህ፣ ጉንጩን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ሊያለቅስ ይመስላል ግን አያለቅስም፣ ደህና ነሽ እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ተማሪዋ ጎበዝ ናት፣ ቀስ በቀስ ትለምዳለች።

ልዋሽ አልችልም፣ ቀናሁ፣ ገላዋን የማጥባት እኔ፣ ጥፍሯን የምቆርጥ እኔ፣ እሱ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ብሎ የበኩር ልጄ። ሆድ ይፍጀው። ይልቅ ደስ ይበልሽ፣ ተረጋግታለች፣ እያየ ነው፣ አጠገቧ ተቀምጦ የባዕድ ሠርግ እያየ ነው፣ አባዬ ሴቶቹን ወደ ግራ ጠጋ በሉልኝ ይላቸዋል፣ ወንድም ጋሼ አንገቱን ይሰብራል። እስከ ማምሻ እንዲህ ከዋለች አለቀ፣ ቁልፉን አንስቶ ብቻውን ይሄዳል። ሰማንያ ሦስት። ይቻላል። ይህ ካርድ ዘጠና ድረስ ይችላል፣ አውቀዋለሁ፣ ሆደ ሰፊ ነው።

ቅር።

ምንድነው ያ። ቅር፣ ቅር፣ ቅር፣ ማሰሪያው በሙቀት ለሰለሰ፣ ፋኑ ዘንበል ብሎ ክንፉን እየነካ ነው፣ ትንሽ ድምፅ ናት፣ ወንድም ጋሼ አልሰማትም፣ እማዬ ግን አንገቷ ቀጥ አለ፣ ያ አንገት፣ አውቀዋለሁ። ኦክሲጅኑን ማን ከፈተው ትላለች። ወንድም ጋሼ ያየኛል። ማንም አልከፈተም እማዬ እላለሁ። ይሰማኛል እኮ ትላለች፣ መቀመጫውን ትደገፋለች፣ ልትነሳ ነው፣ ከተነሳች መኝታ ቤት ነው፣ ከዚያ በር ነው፣ ከዚያ አስፋልት፣ ወንድም ጋሼ እጁ ወደ ጠረጴዛው ሄደ ወይስ መሰለኝ፣ ቡፌው ጋ ደረስኩ፣ የፋኗን ሽቦ ነቀልኩ።

ዝም።

አባዬ ብቻ። እንዲያ ነው፣ ሙሽሪት ቀና በይ፣ ፀሐይዋ ፊትሽ ላይ ትረፍ። እማዬ ቀስ ብላ ተመለሰች፣ ተደገፈች። እንዴት ያለ ጸጥታ ነው፣ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፣ የአባዬ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል፣ ካሜራውን ትከሻው ላይ ሲያስተካክል ህእ የሚላት፣ ያችን ህእ እስከዛሬ ፋኗ ስትበላብኝ ኖራለች። ወንድም ጋሼ አፉን በእጁ ሸፈነ። ያለ ፋን ስንት ይቆያል ካርዱ፣ ክዳኑ ክፍት ነው፣ ሙቀት በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ እማዬ እንቅልፍ ሸለብ ካደረጋት መልሼ እሰካዋለሁ፣ ብቻ አሁን አይሆንም፣ አሁን ዐይኖቹ እኔ ላይ ናቸው።

ነይ ወጥ ቤት ይለኛል፣ ውሃ ስጪኝ። ውሃ ፈልጎ አይደለም። ብርጭቆውን ይቀበለኛል፣ አይጠጣም፣ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያስባል። ብሎኔ፣ መስታወት አይተሻል ይላል። ደህና ነኝ። ሥራሽስ። በስልክ እሠራለሁ፣ ደንበኛ ሲደውል አጥፍተህ አብራው እላለሁ፣ ግማሹ ይሠራል። አይስቅም። ጎበዝ ነሽ፣ ማንም ይህን አያደርግም፣ እኔ አላደርግም ነበር፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ አትቆጪ፣ አባዬን እንዲህ ከጠዋት እስከ ማታ የምትከፍቺው ለእሷ ነው ለራስሽ? ምን ማለትህ ነው። ቀብር ላይ ወንበር ስታመላልሺ ነበር ብሎኔ፣ የድምፅ ማጉያውን ስትጠግኚ ነበር፣ ስታለቅሺ አላየሁሽም፣ ማንም አላየሽም። ጊዜ አልነበረኝም እላለሁ። እውነቴን ነው፣ ማይክራፎኑ ይጮህ ነበር፣ አንድ ሰው ማስተካከል ነበረበት፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ማስተካከል አለበት። ጊዜ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም፣ ስልኬን ልየው፣ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ሁለት፣ እሷ ተረጋግታለች አየህ እላለሁ፣ ዝም ብላለች እኮ፣ አየህ አይደል። አየሁ ይላል። ታዲያ። ታዲያማ፣ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ እውነቱን ነው የምልሽ እኔም አባዬን ስሰማ ልቤ ለሁለት ተከፈለ፣ እስኪ ትንሽ እንይ፣ ምናልባት ይሁን፣ ምናልባት አንዲት ሠራተኛ ብንቀጥርልሽ። ምናልባት አለ! ከወንድም ጋሼ አፍ ምናልባት ወጣ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ላቅፈው ነው፣ ላብ ላብ እያለ ላቅፈው ነው።

ሳሎኑ ግን ለምን እንዲህ ዝም አለ።

የአባዬ ድምፅ የታለ። ስልኬ ላይ ቁጥር የለም፣ ሰረዝ ብቻ፣ አንዲት ሰረዝ፣ ሮጥኩ፣ ጉልበቴ በሩን መታው፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ የተቃጠለ ነገር ሽታ፣ እና እማዬ ቡፌው ጋ ቆማለች፣ ቀጥ ብላ፣ የት ሄደ ያ የወገቧ ጎባጣነት፣ እና በክፍቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ካርዱ ላይ፣ እርጥብ ፎጣ። ሦስት ቦታ የታጠፈ፣ ጫፉ ከጫፉ የገጠመ፣ ግንባር ላይ እንደሚደረገው። ውሃው በሽቦዎቹ ይወርዳል፣ ቡፌው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከመታጠቢያ ቤት አርጥባ ያመጣችው ነው፣ እኛ ወጥ ቤት ስለ እሷ ስንዶልት፣ በእጇ ዳስሳው ነው፣ ስንቱን ግንባር የዳሰሰ እጅ፣ ነድዶ አገኘችው፣ ማንም የለም፣ ተረኛ የለም፣ ትተውት ሄደዋል፣ ታዲያ ምን ታድርግ። እኔ ነኝ። ፋኗን የነቀልኩ እኔ፣ ክዳኑን የከፈትኩ እኔ፣ ዝም ያለ ሁሉ ደህና የሚመስለኝ እኔ።

የኃይል ገመዱን እንደ ደም ሥር በሁለት ጣቷ ይዛለች። ትጠብቃለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ገመዱን ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ ፎጣውን ትገልጥና ዘርግታ መልሳ ታለብሰዋለች፣ ሙሉ በሙሉ፣ እስከ ላይ።

አሁን ትጮሃለች። አሁን አባትሽ የት ሄደ ትላለች፣ ወንድም ጋሼ ከኋላዬ ቆሟል፣ ትንፋሹ ማጅራቴን ይነካል፣ አለቀ፣ ምናልባትም የለ ምንም የለ፣ ይወስዳታል፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ፣ ቤት ልታቃጥል ነበር ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ ትሄዳለች። ዞረች። ወደ እኛ ዞረች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች፣ ፊቷ ጸጥ ያለ ነው፣ እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፣ ቤት ይዛው መጥታ የማታውቀው ፊት፣ ሥራ ቦታ ትታው የምትመጣው። ሁለታችንንም ተራ በተራ ታያለች፣ የበኩር ልጇንም እኔንም፣ ልዩነት የለንም።

ቤተሰብ ናችሁ? ትላለች።

እማዬ፣ ይላል ወንድም ጋሼ፣ ክንዱን ያዝኩት። አዎ እላለሁ፣ ቤተሰብ ነን። ተቀመጡ ትላለች፣ ቆማችሁ አይሆንም። እንቀመጣለን፣ ሶፋው ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ቦታው ገና በእሷ ሙቀት ይሞቃል፣ ከፊታችን ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ጉልበቷ ጉልበታችንን እስኪነካ ቀረብ ብላ፣ አንድ እጄን ትይዛለች፣ የእሱንም አንድ እጅ። እጇ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሞቷል ትላለች። አርፏል አላለችም፣ ወጣ ብሏል አላለችም፣ ቃሉን ሙሉውን ጠራችው፣ ቀስ ብላ፣ ዐይናችንን እያየች፣ ብዙ ታገለ፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለን፣ በመጨረሻ ግን አልተጨነቀም፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ብቻውን አልነበረም። እጃችንን አልለቀቀችም፣ የትም የምትሄድበት የላትም። ለካ እንዲህ ነው የሚነገረው። በር ላይ ቆሞ አይደለም፣ ድስት ይዞ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ነገርኳት፣ አንድ ጊዜ እንኳ እጇን ይዤ ተቀምጬ ነግሬያት አላውቅም።

ማልቀስ ይቻላል ትላለች፣ እዚህ ማንም አይከለክላችሁም። ወንድም ጋሼ ነው መጀመሪያ የተሸነፈው፣ ትከሻው፣ ከዚያ ድምፁ፣ ያ ሁሉ ሰውነት፣ እኔ አላለቅስም እላለሁ፣ እኔ ፎጣውን ማንሳት አለብኝ፣ ሶኬቱን መንቀል አለብኝ፣ እላለሁ ግን ከአፌ የሚወጣው ሌላ ነው፣ አባዬ ሞተ፣ አባቴ ሞተ እኮ፣ ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እንዴት ማንም አልነገረኝም፣ እጇ ላይ ተደፍቼ እጮሃለሁ፣ ጀርባዬን በመዳፏ መታ መታ ታደርገኛለች፣ ለማንም የምታደርገውን ያህል፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ፣ ይውጣልሽ።

እና ትንሽ በረድ ስንል ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናታችሁ አለች? ትለናለች። አለች እላለሁ። በዕድሜ ገፍታለች? አዎ። እንግዲያው ዛሬ አትንገሯት ትላለች፣ ዛሬን እንኳ ትረፍ፣ እናንተ አትችሉትም፣ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ።

እሺ ሲስተር እላለሁ።